ማሩ፣ ጥቁር አዝሙዱና ያልጠየቅነው ጥያቄ



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየቤቱ አለ፤ ሲወራ ግን አይሰማም። ሴቶች ብልት ላይ ስለሚከሰተው የፈንገስ ሕመም ነው። «እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ይጻፋል እንዴ?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። እኛም በፊት እንደዚያው ነበር የምንለው። እስከ መጨረሻው አንብቡንና ከዚያ ፍረዱን።

«እኛ» ስንል ባልና ሚስት ነን። ይህን የሚጽፈው ባልየው ነው፤ መድረሳ ያደገ፣ ዛሬ በአንድ መስጂድ ኢማሙን የሚያግዝ፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆችን የሚያስቀራ ሰው ነው። መስመር በመስመር እያነበበች «ይህን አውጣው፣ ይህን ጨምርበት» ያለችው ደግሞ ሚስትየዋ ናት። እሷ ባትፈቅድ አንድ ቃል አይወጣም ነበር። እንዲያውም «ጻፈው፤ እንደኔ ዝም ብላ የምትሰቃይ አንዲት እህት ብታነበው ይበቃኛል» ያለችው እሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምት ላይ ነው። የደሴን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጦሳ ጭጋጉን ተከናንቦ ይውላል፤ ዛሬ የታጠበ ልብስ በሦስተኛው ቀንም እርጥብ ነው። ሚስትየዋ ጉሮሮዋን አሟት፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የተገዛ አሞክሳሲሊን ወሰደች። ጉሮሮዋ ዳነ። ከሳምንት በኋላ ግን ማሳከክ ጀመራት፤ ቀጥሎ ማቃጠል፣ ቀጥሎ እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነጭ ፈሳሽ። ሁለት ሳምንት ለማንም አልተናገረችም። ባልየው የነቃው ሌሊት እየተነሳች በሳሙና ስትታጠብ የጆጉ ድምፅ ሲቀሰቅሰው ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ቢላት «ምንም» አለችው። በሦስተኛው ሌሊት ነገረችው።

በማግስቱ ባልየው ፋርማሲ ሄደ። ባንኮኒው ጋር ሦስት ሰው ቆሟል፤ አንደኛው የሚያስቀራው ልጅ አባት ነው። ሰውየው እስኪወጣ ድረስ የጥርስ ሳሙና ሲያገላብጥ ቆየ። በመጨረሻ ጠጋ ብሎ «ለሴት የሚሆን… የሚያሳክክ ነገር» አለ። ፋርማሲስቱ ደግ ሰው ነበር። እርጉዝ ትሆን እንደሆነ፣ ሌላ ሕመም እንዳለባት፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለ ሊጠይቅ ጀመረ። ባልየው «የለም፣ የለም» እያለ ብሩን አስቀምጦ ወጣ። የተሰጠው ክሎትሪማዞል የሚባል፣ ማታ ማታ ብልት ውስጥ የሚቀመጥ ስድስት ፍሬ ክኒን ነው። ስድስት ሌሊት ማለት ነው። ሚስትየዋ ሁለት ሌሊት ተጠቀመችበት፤ ማሳከኩ ጋብ አለ። የቀረውን አራት ፍሬ «ለክፉ ቀን ይሆነኛል» ብላ ቁምሳጥን ውስጥ አኖረችው።

ክፉው ቀን ለመምጣት አንድ ወር አልፈጀበትም።

በዚህ ጊዜ የቤት መድኃኒቱ ጎረፈ። የሚስትየዋ እናት «ብርድ ነው ልጄ፣ ቦለቅያ ሙቂ» አሉ። ጎረቤት «እቴ፣ ነጭ ሽንኩርት እኮ ፈንገሱን ድራሹን ነው የሚያጠፋው» አለች። ጅዳ ያለች ዘመድ በስልክ «አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ ታጠቢበት» ብላ ላከች። ባልየው ደግሞ ማርና ጥቁር አዝሙድ አመጣ። የሱ ከሌሎቹ የሚለየው ደሊል ይዞ መምጣቱ ነው። ማር ለሰዎች ፈውስ እንዳለበት ሱረቱ ነሕል ውስጥ ተነግሯል። ስለ ጥቁር አዝሙድም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩት ሐዲስ ሶሒሕ ነው። ታዲያ ማን ይከራከረዋል? ከላስታ የመጣ ነጭ ማር በውድ ተገዛ። ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ፣ ማታ ግማሽ ብርጭቆ፣ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበት ትጠጣ ጀመር።

የኛ ስሌት ቀላል ነበር። «የሐኪሙንም አንተውም፣ የቤቱንም አንተውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስኬዳለን።» ሲሰማ ሚዛናዊ ይመስላል። በተግባር ግን የሐኪሙ የተባለው ሐኪም ያላየው፣ ተቆራርጦ የሚወሰድ ክኒን ነበር። የቤቱ የተባለውም ከአራት ሰው አፍ የመጣ፣ መጠኑን ማንም የማያውቀው ድብልቅ ነበር።

ነጭ ሽንኩርቱ የተሞከረበት ሌሊት ለኛ አልነጋም። ሚስትየዋ እያለቀሰች እስከ ፈጅር ተቀመጠች። ለካ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ስስ ቆዳ ላይ ሲቆይ እንደ እሳት ያቃጥላል። በማግስቱ ቦታው ተልጦ ነበር፤ ሽንት መሽናት ራሱ ጭንቅ ሆነባት። አቼቶው የተላጠው ላይ ሲጨመርበት ምን እንደሆነ እናንተው አስቡት። እኛ ግን «መድኃኒት ሲሠራ ያቃጥላል» ተባባልን።

በዚያ ዓመት ሕመሙ አራት ጊዜ ተመላለሰ። በመሃሉ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሕመም ገባ። ፍራሽ ተለያየ። ባልየውም ትንሽ ማሳከክ ሲሰማው አንድ ወዳጁ «እንዲህ ያለ ነገር ከውጭ ነው የሚመጣው፤ አጣራ» አለው። አላጣራም፣ ግን ቃሉ ልቡ ውስጥ ቀረች። ሚስትየዋም ያንኑ ስለሱ ታስብ እንደነበር የነገረችው ከዓመት በኋላ ነው። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በአንድ ክኒን ጉዳይ ሳይነጋገሩ ሲጠራጠሩ ኖሩ። አላህ ይጠብቀን።

ከሁሉም የከበደው ገና ነው።

አንድ እሁድ ከሴቶች ልጆች ክፍል የተጣጠፈች ወረቀት መጣች። ስም የላትም። «ፈሳሽ የማያቋርጣት ሴት ሶላቷን እንዴት ነው የምትሰግደው?» ይላል ጥያቄው። ባልየው ይህን ባብ ያውቀዋል፤ ኪታቡን ሲቀራ በቃሉ ያስቀመጠው ነው። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደም አላቋርጥ ብሏት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) እንደጠየቀች፣ ያ የደም ሥር እንጂ የወር አበባ እንዳልሆነ እንደነገሯትና ለየሶላቱ ውዱእ እንድታደርግ እንዳዘዟት አስረዳ። ዑለማዎች የማይቋረጥ ሽንትንና ሌላ ፈሳሽንም በዚህ ላይ እንደለኩት አብራራ። ያቺ ሴት የሶላቱ ወቅት ሲገባ ቦታውን ታጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋ፣ ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች። እየሰገደች ቢፈሳትም ሶላቷ አይበላሽም፤ ባለ ዑዝር ናት። ጉስልም የለባትም።

ማታ እራት ላይ ይህን ለሚስቱ በኩራት ነገራት። ሚስትየዋ ጉርሻዋን ትሪው ላይ መለሰችው። ከዚያ አለቀሰች። «ለሰው ልጆች ይህን ትመልሳለህ» አለች፤ «እኔ ስንት ወር ነጃሳ ነኝ ብዬ ሶላት እየዘለልኩ እንደሆነ ታውቃለህ?»

አያውቅም ነበር። ተራዊሕ የቀረችው ልጆቹን ለመጠበቅ ይመስለው ነበር። አንዳንዱን ቀን አንድ ሶላት ለመስገድ ሦስት አራቴ ትታጠብ ነበር፤ ከመታጠቡ ብዛት የተላጠው ቆዳ አልድን አለ፤ ሲታክታት ትተወው ጀመር። ባልየው የጦሃራን ባብ በየሳምንቱ ለሰው ልጅ ያስቀራል፤ የገዛ ቤቱ ግን ያቺን ወረቀት የሚጽፍ ሰው አጥቶ ነበር። እሷ ለመጠየቅ አፈረች፤ እሱም ለመጠየቅ አፈረ። ሐያእ ኢማን ነው ብለን ተምረናል። ግን እነዚያ ታላላቅ ሶሐቢያት እፍረት ከመጠየቅ አላገዳቸውም። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ሰው ፊት የማይነሳ የሚመስለውን የሴት ልጅ ጉዳይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በቀጥታ ጠይቃለች። የኛው ሐያእ አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር።

በማግስቱ ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን።

የተቀበለችን ሲስተር በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ነበረች። ባልየው ሊወጣ ሲል «ወንድሜ፣ የት ትሄዳለህ? ቁጭ በል» አለችው። ከዚያ እስከዚያች ቀን ማንም ያልጠየቀንን ጠየቀችን። «እስካሁን ምን ምን አድርጋችኋል? የፋርማሲውንም፣ የቤቱንም። ሳታፍሩ ንገሩኝ፤ አልቆጣም።»

ተራ በተራ ነገርናት። ሁለት ሌሊት የተወሰደውን ክኒን፣ ቦለቅያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ አቼቶውን፣ ሳሙናውን። አልተቆጣችም፤ ጻፈችው። ማሩ ላይ ስንደርስ ብዕሯን አቆመች።

«ስንት?»

«ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ፣ ማታ ግማሽ ብርጭቆ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት ወር ይሆናል።»

ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «እህቴ፣ ውሃ ይጠማሻል? ሌሊት ለሽንት ስንቴ ትነሻለሽ?»

ሚስትየዋ አሰበች። ሦስት አራቴ ትነሳለች። ውሃውማ አልጋዋ ሥር ተለይቷት አያውቅም። ሁላችንም ከሕመሙ ጋር የመጣ ነው ብለን ነበር። ሲስተሯ ናሙና ወስዳ ለላቦራቶሪ ሰጠች፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈንገስ መሆኑ ታወቀ። ደሟንም አስለካቻት። በማግስቱ በባዶ ሆድ ተመልሰን መጣን፤ 214 ሆነ። በሌላ ቀን ሲደገም 198። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው ይላል ሕክምናው። ሚስትየዋ ስኳር ነበረባት፤ መቼ እንደጀመራት አላህ ያውቃል። እኛ ደግሞ በየቀኑ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ማር እናጠጣት ነበር።

ባልየው አንገቱን ደፋ። ሲስተሯ ያለችውን እስከ ዛሬ አንረሳውም። «ማሩ ምንም አላጠፋም። ስኳር እንዳለባት ሳታውቁ ነው የሰጣችኋት። ጥፋቱ አለመጠየቃችሁ ነው።»

ቤት ስንመለስ ባልየው ኢብኑል ቀይም ስለ ነቢያዊ ሕክምና የጻፉትን አወጣ። ወንድሙን ሆዱን ስላመመው፣ ማር አጠጣው ስለተባለውና ተመላልሶ ስለመጣው ሰው የሚናገረውን ሐዲስ ሲያብራሩ፣ መድኃኒት እንደ በሽታው ልክ ሊኖረው ይገባል ይላሉ፤ ካነሰ በሽታውን አያጠፋም፣ ከበዛ ደግሞ ጉልበትን ያደክማል። ይህን ስንት ጊዜ አንብበነዋል! ክኒኑን ከልኩ አሳንሰን፣ ማሩን ከልክ አሳልፈን፣ ሁለቱንም በአንድ ቤት አጥፍተን ነበር። ደግሞም ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ እንደሆነ የሚናገር ሐዲስ አለ። ባልየው ይህን ሐዲስ የሚያነሳው ስለ መንደር አዋቂዎች ነበር። ራሱን ይመለከታል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ከዚህ በታች ያለው ከሐኪሞቹ ሰምተን፣ ራሳችን ላይ አይተን የተማርነው ነው። እህቶች ለራሳችሁ፣ ወንድሞች ለሚስቶቻችሁና ለእህቶቻችሁ ያዙት።

▪ ሕመሙ ምንድን ነው?

ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰው አካል ላይ በትንሹ ይኖራል። ብልት ውስጥ ደግሞ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፈንገሱ እንዳይበዛ ይጠብቃሉ። አንቲባዮቲክ ስንወስድ እነሱም አብረው ይሞታሉ። ያኔ ፈንገሱ ሜዳውን ያገኛል። እርግዝናም፣ ከፍ ያለ ስኳርም፣ የሰውነት መከላከያ መድከምም መንገድ ይከፍቱለታል። ስለዚህ ሕመሙ የቆሻሻነት ምልክት አይደለም። እንዲያውም ውስጥ ድረስ በሳሙና መታጠብ ያብሰዋል። ሐኪሞች ከግንኙነት የሚመጣ በሽታ ብለውም አይመድቡትም፤ ከወንድ ጋር ተገናኝታ የማታውቅ ልጅም ይይዛታል። «ከውጭ ነው የመጣው» ብላችሁ ትዳራችሁን አታቃጥሉ። ባልም ማሳከክ ወይም መቅላት ከታየበት አብሮ ይታይ።

▪ ማሳከክና ፈሳሽ ሁሉ ፈንገስ ነው?

አይደለም። የዓሣ ዓይነት ሽታ ያለው ግራጫ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከባክቴሪያ ነው። አረንጓዴ ወይም ቢጫ አረፋማ ፈሳሽ ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው በግንኙነት ስለሚተላለፍ ባልና ሚስት አብረው ይታከሙለታል። የሁሉም መድኃኒት ለየቅል ነው። የፈንገስ ክኒን ለባክቴሪያ አይሠራም፤ የባክቴሪያው መድኃኒትም ፈንገሱን ያባብሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ እርጉዝ ከሆንሽ፣ ትኩሳት ወይም ከእምብርት በታች ሕመም ካለ፣ ደም ከታየ፣ ወይም በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰብሽ በግምት አትታከሚ። ሲመላለስ ደግሞ ስኳርሽን ተለኪ።

▪ የታዘዘው መድኃኒት

ሲሻልሽ አታቋርጪው። ማሳከኩ ቀድሞ ይጠፋል፤ ፈንገሱ ግን ገና አለ። ለሚስትየዋ በዚያን ጊዜ የታዘዘላት ከመጀመሪያው የረዘመ ነበር። ስኳር ላለባትና ለሚመላለስባት ሴት እንደዚያ ይደረጋል። በአፍ የሚዋጠው ፍሉኮናዞል ደግሞ ቀላል ቢመስልም ከአንዳንድ የስኳር ክኒኖችና ከደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። እርጉዝ ሴት ያለ ሐኪም ፈቃድ አትወስደውም። ፋርማሲስቱ ባልየውን ሲጠይቀው የነበረው ለዚህ ነው፤ ሊያሳፍረው አልነበረም። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አትቀበሉ፤ የተረፋችሁንም አትስጡ።

▪ የቤቱ መድኃኒት ቦታው የት ነው?

እኛ የቤት መድኃኒት ጠላቶች አይደለንም። ግን ምን የት እንደሚገባ ተማርን።

ብልት ውስጥ ምንም አይገባም። ነጭ ሽንኩርት፣ አቼቶ፣ ሎሚ፣ ማር፣ ዘይት፣ ዴቶል፣ ሽቶ፣ ሁሉም ይቅር። ብልት ራሱን በራሱ ያጸዳል፤ ውጭውን በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃዋል። የተላጠና የተቆጣ ቦታ ካለ ጭሱም ሙቀቱም ይቆይ። የእናቶቻችን ቦለቅያ ለአራስ ያለውን ክብር አናቃልልም፤ ፈንገስን ያድናል ብሎ መድኃኒት ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

እርጎ መብላት ጥሩ ምግብ ነው፤ ስኳር ያልገባበት ይሁን። ፈንገሱን ያጠፋል ተብሎ ግን በመድኃኒት ቦታ አይተካም፤ ውስጥም አይቀመጥም። ጥቁር አዝሙድ በምግብ መጠን ችግር የለውም። በብዛት ሲወሰድ ግን ስኳርን ሊቀንስ ስለሚችል የስኳር ክኒን የምትወስድ ሴት ለሐኪሟ ትንገር። ማርም በልክ፤ ስኳር ላለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመክሮበት።

በእርግጥ የጠቀመን የቤት ነገር ሌላ ነበር። ከፊት ወደ ኋላ መታጠብ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። እርጥብ የውስጥ ልብስ አለመልበስ። በደሴ ክረምት ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሚስትየዋ የውስጥ ልብሷን በካውያ ታደርቃለች፤ ባልየውም ተምሯል። ጥጥ የሆነና የማያጣብቅ ልብስ። አንቲባዮቲክን ያለ ትዕዛዝ አለመግዛት። እነዚህ ገንዘብ አያስወጡም፤ ደግሞም ከታዘዘው መድኃኒት ጋር አይጋጩም።

▪ ሶላቷና ጾሟ

ስለ ሶላቱ ከላይ ብለናል። ፈሳሹ ውዱእ ያፈርሳል፤ ጉስል ግን አያስገድድም። የማያቋርጥ ከሆነ ወቅቱ ሲገባ አንዴ ታጥበሽ፣ ውዱእ አድርገሽ ስገጂ። በወስዋስ ቆዳሽ እስኪላጥ አትታጠቢ። አላህ የማይቻለንን አልጫነብንም።

ረመዳን ላይ በብልት የሚቀመጠው ክኒን ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ዑለማዎች ተለያይተዋል። የሻፊዒይ መዝሐብ ያፈርሳል ይላል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ ጾም ከማያፈርሱት ውስጥ ቆጥሮታል። እኛ ሸኻችንን ስንጠይቃቸው ፈገግ ብለው «ልጆቼ፣ መድኃኒቱ የሚቀመጠው ከመኝታ በፊት አይደል? ታዲያ ካፈጠረች በኋላ ምን ኺላፍ አለ!» አሉን። ጾም ነው ብላችሁ መድኃኒት አታቋርጡ፤ መፍትሔው ቅርብ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ግን ረመዳን ከመግባቱ በፊት መጾሙን ራሱ ከሐኪሙ ጋር ይመክርበት።

▪ ለወንድሞች

ይህ «የሴቶች ጉዳይ» አይደለም። ፋርማሲ ስትላኩ ጥያቄው እስኪያልቅ ቁሙ። መልሱን ካላወቃችሁ ደውላችሁ ጠይቋት። ጤና ጣቢያ አብራችሁ ሂዱ። በርካታ እህቶች የሚሰቃዩት መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ «ባሌ ምን ይለኛል» ብለው ነው። ያላገባችሁም ብትሆኑ እህት አላችሁ። ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት የምትነሳ፣ ሶላት የምትሸሽ፣ መቀመጥ የሚቸግራት ካለች እናታችሁን ወይም ታላቅ እህታችሁን «ጠይቂያት» በሉ።

ዛሬ እንዴት ነን? አልሐምዱሊላህ። ሚስትየዋ ሜትፎርሚን ትወስዳለች፤ ማታ ማታ ተያይዘን በእግር እንሄዳለን፤ ስኳሯ ወርዷል። ሕመሙ ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመለሰው። በዚያን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ሄደች፤ መድኃኒቷን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጨረሰች። የማሩ ቆርቆሮ ቁምሳጥኑ ላይ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ ነግረውናል፤ ታከሙም ብለውናል። ቁርኣኑም ሐዲሱም እውነት ነው። የኛ ችግር እኛው ራሳችን ሐኪም መሆናችን ነበር።

ያቺን ወረቀት የጻፈችው ልጅ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ልናውቅም አንፈልግም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሴቶች ልጆች ክፍል በር ላይ አንዲት የካርቶን ሳጥን ተቀምጣለች። ስም ሳይጻፍ ጥያቄ ይጣልባታል። የፊቅሁን ባልየው ይመልሳል። የጤናውን ሚስትየዋ ይዛ ሲስተሯ ዘንድ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ወር ሳጥኗ ሁለት ጊዜ ሞላች።

እህቴ ሆይ፣ ይህን እያነበብሽ «ይህ እኮ የኔ ነገር ነው» ካልሽ አንቺ ቆሻሻ አይደለሽም፤ ሶላትሽም አልተዘጋብሽም። ዛሬ ለአንድ የምታምኚው ሰው ንገሪ፤ ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ። እዚያ ስትደርሺ ደግሞ የቤቱንም የፋርማሲውንም ሁሉንም ንገሪ፤ ማሩ ሳይቀር።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፤ ጠይቀን የምናውቅ፣ አውቀን የምንሠራ ያድርገን። አሚን።

ለሚጠቅማት እህት ይድረስ ዘንድ ሼር አድርጉት። ወሏሁ አዕለም።